ስንት ናችሁ?

አማርኛችን ቤት የሚወድ ቋንቋ ነው። ሰው የትዳር ጓደኛውን በስም መጥራት ሲያፍር «ባለቤቴ» ይላል። አብሮ የሚበላ፣ አብሮ የሚያድር፣ አብሮ የሚያዝን ሁሉ «ቤተ ሰብ» ነው፤ የቤት ሰው። ያገባ «ጎጆ ወጣ» ይባላል፤ ዘሩ ያለቀ «ቤቱ ተዘጋ» ይባላል፤ ገጣሚ እንኳ ስንኙን የሚያሳርፈው «ቤት እየመታ» ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ ቃል ያልነፈገን ቋንቋ፣ ቤቱ ከላዩ የተነሣበትን ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አናውቅም ነበር። አሁን አወቅን። «ተነሺ» ይባላል። በወረቀት ላይ ሲታይ ስም ይሁን ትእዛዝ አይለይምና፣ እናታችን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስታነበው ለራሷ የተጻፈ መሰላት። «ማንን ነው ተነሺ የሚሉት? እኔን ነው?» አለች። እሷኑ ነበር።

በዚች አጭር ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ አንድ ነው፤ ቤት ሲነሣ ማን ይቆጠራል? የምናወራውም ስለምናውቀው ቦታ ነው፤ በየካ ክፍለ ከተማ፣ በቀበና ወንዝ ዳር፣ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚያወጣው ዳገት ሥር ስለነበረ አንድ የጭቃ ቤትና በውስጡ ስለኖርነው ዘጠኝ ነፍስ።

ለነገሩ አዲስ አበባ ራሷ ቤት ለቅቃ የመጣች ከተማ ናት። ዐፄ ምኒልክ መጀመሪያ የከተሙት እላይ እንጦጦ ላይ ነበር። ብርዱና ነፋሱ ያስቸገራቸው እቴጌ ጣይቱ የፍልውሃን ሜዳ ወደው ቤት አሠሩበትና በ1879 ዓ.ም. ግድም ከተማው ከተራራው ወደ ታች ወረደ። መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው በየተመሩበት ጉብታ ሰፈሩ፤ ደጃች ውቤ ሠፈር የምንለውን የመሰለ ስም ሁሉ ከዚያ ልማድ የመጣ ነው። የውጭ መንግሥታት ለጋሲዮኖችም በምሥራቅ በኩል ሰፋፊ ቦታ ተሰጣቸው። ከተማዋ ማገዶ ጨርሳ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ በተነሡ ጊዜ ደግሞ ባሕር ዛፍ ደረሰላትና ባለችበት ቀረች። እንግዲህ መነሣት ለዚች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ያኔ ጌታው ሲነሣ ባልደረባው፣ ወጥ ቤቷ፣ እንጨት ሰባሪው ሁሉ አብሮት መነሣቱና አብሮት መስፈሩ ነው። ደረጃው እንዳለ ሆኖ፣ አንድ ቤት ሲነቀል ከነሥሩ ይነቀል ነበር።

የእኛ አያት ከእነዚህ የለጋሲዮን ግቢዎች በአንዱ አትክልተኛ ነበሩ። ከግቢው ሥራቸው ሲወጡ የሚያድሩባትን ሁለት ክፍል ከአንድ ባለ ርስት በወር 12 ብር ተከራዩ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በየቀበሌው እጅ ገቡ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። የዝቅተኛው ተከራይ ኪራይም ተቀነሰ። አያታችን 6 ብር መክፈል ጀመሩ። እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ ያቺን ቀን «የተነፈስንባት ሐምሌ» ይሏት ነበር።

ነገር ግን 6 ብር የሚከፈልበት ቤት ማን ያድሰዋል? ቀበሌው ከኪራዩ የሚያገኘው ለአንድ ቆርቆሮ አይበቃም፤ ተከራዩ ደግሞ የራሱ ባልሆነ ግድግዳ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ይፈራል፤ ቢፈልግም ያለ ፈቃድ ጭቃ መምረግ አይችልም። እንዲህ እየሆነ በከተማው መካከል ያለው የቀበሌ ቤት ሁሉ አብሮን አረጀ። የእኛም ምሰሶ ምስጥ በላው፤ ኮርኒሱ ማዳበሪያ ነበር፤ ሽንት ቤቱን ከአምስት ጎረቤት ጋር እንጋራለን፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ቀበና ሲሞላ ሌሊት ተነሥተን ዕቃ ወደ አልጋ ላይ እንሰቅላለን። ይህን የምንጽፈው አንባቢ እንዳይሳሳት ነው። ያ ቤት ገነት አልነበረም። ወንዙ ይጽዳ፣ መንገዱ ይስፋ፣ ሰው በጭቃ ውስጥ አይኑር ቢባል መጀመሪያ እጃችንን የምናወጣው እኛ ነን።

በሁለቱ ክፍሎች ውስጥ ማን ነበር? እናታችን፤ አባታችን ካረፈ ወዲህ የኪራይ ደብተሩ በስሟ የዞረ። ታላቅ ወንድማችን፣ ሚስቱና ሁለት ልጆቻቸው፤ ወንድማችን አግብቷል እንጂ ጎጆ አልወጣም፤ ጎጆው ከምግብ ማብሰያው በስተጀርባ በመጋረጃ የተከፈለች አልጋ ነበረች። በልብስ ስፌት የምትተዳደር እኅታችን። ዩኒቨርሲቲ የገባነው ሁለታችን። ይኼ ስምንት ነው። ዘጠነኛዋ አክስታችን ናት።

አክስታችን ስንል የሥጋ ዘመዳችን አይደለችም። ከሰላሌ በሱሉልታ አድርጋ በእንጦጦ በኩል ወደ ከተማ የወረደች ሴት ናት። ከሠፈራችን እንደ ብዙዎቹ ሴቶች፣ ጎሕ ሳይቀድ ዳገቱን ወጥታ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ለቅማ፣ ከራሷ ክብደት የማይተናነስ ሸክም በጀርባዋ አዝላ፣ አጎንብሳ ቁልቁል ትወርድ ነበር። የአዲስ አበባን እንጀራ ለብዙ ዓመታት ያበሰለው እሳት በእነዚህ ሴቶች ጀርባ የመጣ ነው። አንድ ክረምት ዝናብ አጥምዷት ከበራችን ጥግ ተጠለለች፤ እናታችን «ግቢ እንጂ፣ ምን ያስቆምሻል» አለቻት፤ ገባች። ይኸው 23 ዓመቷ። ጉልበቷ ሲከዳት ቅጠሉን ትታ ከእናታችን ጋር እንጀራ እየጋገሩ መሸጥ ጀመሩ። እኛን አዝላ ያሳደገችን፣ ስንታመም ያደረችልን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ስንሄድ አይሏን ከጉያዋ አውጥታ የታክሲ የሰጠችን እሷ ናት። በወረቀት ቋንቋ ግን ስሟ ሌላ ነው። «ደባል» ትባላለች።

የወንዝ ዳርቻው ልማት ወሬ ከሩቅ ነው የጀመረው። በ2011 ዓ.ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ሊለማ ነው ሲባል ሰማን። በ2013 መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ተመረቀ። በ2016 የኮሪደር ልማት በፒያሳ ተጀመረና እነዚያ የምናውቃቸው ቤቶች በሳምንታት ውስጥ ሜዳ ሆኑ። እኛም ጋ መምጣቱ አይቀርም እያልን ሳለ በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ከጥምቀት ማግስት፣ በግድግዳችን ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ። ልጆቹ የደስ ደስ መስሏቸው ከሥሩ የራሳቸውን ሥዕል ጨመሩበት።

ከዚያ ቆጣሪው መጣ። ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲገባ ጫማውን ጠርጎ ነው የገባው። ወንበር ተሰጠው፤ ቡና ተቀዳለት።

«እማማ፣ ስንት ናችሁ?» አለ።

«ዘጠኝ ነን ልጄ» አለች እናታችን።

ጻፈ። ቀና ብለን ብናይ የጻፈው «1» ነው።

«የቀረነውስ?»

«እማማ፣ ቤቱ አንድ ነው፣ ውሉ አንድ ነው፣ ምትኩም አንድ ነው። እኔ የምቆጥረው ውል ነው።»

ይኼ የልጁ ፈጠራ አይደለም። አሠራሩ እንዲህ ነው። ካርታ ያለው ባለ ይዞታ ምትክ ቦታና ለንብረቱ ካሣ ያገኛል። የቀበሌ ቤት ተከራይ ሌላ የቀበሌ ቤት ይከራያል፣ ወይም ቅድሚያ ክፍያውን ከቻለ ኮንዶሚኒየም እንዲገዛ ዕድል ይሰጠዋል። ከግለሰብ ቤት የተከራየ፣ በዘመድ ቤት የተጠጋ፣ ደባል የሆነ ግን በመዝገቡ ላይ የሚያርፍበት መሥመር የለውም። ግድግዳው ሲፈርስ እሱ እዚያ እንዳልነበረ ነው የሚታየው። ጎረቤታችን ባለ ካርታ ነበሩ፤ አራት ተከራይ ነበራቸው። እሳቸው ምትክ ቦታ ሲቀበሉ አራቱ ተከራዮች ከነፍራሻቸው አንድ ሌሊት በረንዳ አድረው በማግሥቱ የት እንደገቡ አልታወቀም።

ወንድማችን ጉዳዩን ይዞ ሄደ። «በእናትህ ቅጽ ላይ አትካተትም፣ አግብተሃል፣ ራስህን የቻልህ ቤተ ሰብ ነህ» ተባለ። «እንግዲያስ ለራሴ ቤተ ሰብ ምትክ ይሰጠኝ» ሲል «ውል የለህም፣ የእናትህ ጥገኛ ነህ» አሉት። ጠዋት ቤተ ሰብ፣ ከሰዓት ጥገኛ ሆኖ ተመለሰ። አክስታችን ደግሞ መታወቂያ አላት፤ በእኛ ቤት ቁጥር የወጣ። ለመንገድ መዋጮ ሲሰበሰብ በስሟ ደረሰኝ ተቆርጦላታል። በምርጫ ጊዜ ተመዝግባለች። ደረሰኞቿን በፌስታል ቋጥራ ስታቀርብ ጸሐፊዋ አገላብጣ አየችና «ይኼ መኖርሽን ያሳያል እንጂ ቤት እንዳለሽ አያሳይም» አለቻት። አክስታችን መልስ አልሰጠችም። ወጥተን ዳገቱን ስንወጣ ግን «ቤትማ ቢኖረኝ ምን ልሠራ እነሱ ጋ እሄዳለሁ» አለች። ሳቅን። በዚያ ሰሞን ከሳቅንባቸው ጥቂት ጊዜዎች አንዱ ነው።

አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለስን። የጽሕፈት ቤቱን ስም ማንሣት አያስፈልግም፤ የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፤ ኃላፊው መስክ ወጥቷል፤ ፋይሉ ተዘዋውሯል፤ ማኅተሙ የተቆለፈበት ቁልፍ ቤቱ ቀርቷል። በወረፋው ላይ ስንተዋወቅ አንዱ የሌላውን ታሪክ በቃሉ ይዞታል። ከወረፋው የተማርነው ትምህርት በክፍል ከተማርነው አያንስም፤ የመጀመሪያው ትምህርት የቃል አቤቱታ ከበር እንደማያልፍ ነው። የተጻፈ፣ ቀን ያለው፣ በመዝገብ ቤት ቁጥር የተሰጠው፣ አንድ ቅጂው ከእጅ የሚቀር ማመልከቻ ብቻ ነው ነገ «አልመጣችሁም» ሊባል የማይችለው።

እናም ማመልከቻ ልንጽፍ ተቀመጥን። ሕጉን ማንበብ የጀመርነው ያኔ ነው። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ቦታ ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከአርእስቱ ጀምሮ ስለ ካሣና ስለ ተነሺዎች መልሶ መቋቋም ይናገራል፤ ቅር የተሰኘ ሰው አቤት የሚልበት አካልና ይግባኝ የሚልበት ጉባኤ እንዲኖርም ያዛል። ነገር ግን ሚዛኑን ያሳረፈው «ባለ ይዞታ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ከዚያ ወደ ላይ ወጣን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንኡስ አንቀጽ 2 ላይ ስንደርስ ሁለት ጊዜ አነበብነው። በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ለተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው ለተነካ ሰዎች ሁሉ የገንዘብ ወይም ሌላ ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት መብት ይሰጣል፤ በበቂ የመንግሥት ርዳታ ወደ ሌላ ቦታ መዛወርንም ይጨምራል። ልብ በሉ፤ የሚናገረው ስለ ሰዎች ነው፤ ያውም ስለ ሁሉም። ባለ ካርታ፣ ባለ ውል፣ ባለ ደብተር አይልም። ከላይ «ሰዎች ሁሉ» የተባለው ነገር ወደ ታች ሲወርድ በየደረጃው እየጠበበ፣ ባለ ይዞታ ሆነ፣ ከዚያ ባለ ውል ሆነ፣ በመጨረሻም በእናታችን ጠረጴዛ ላይ «1» ሆነ። ችግራችንን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስረዱ ብንባል የምንለው ይህን ነው።

እዚህ ላይ የዚች መጽሔት አንባቢዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ነንና፣ አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። ሾላ ዛሬ የምናውቀው ገበያ ነው፤ ከየካ ሚካኤል ወረድ ብሎ፣ ሽንኩርትና የልጅ ልብስ የሚሸመትበት። በ1950ዎቹ ግን ከከተማው ጎዳና የተሰበሰቡ ለማኞችና ድኾች የሚታጎሩበት ካምፕ በዚያ ነበር። በ1957 «መሬት ላራሹ» ብለው የወጡት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1958 ስለ ሾላ ካምፕ ሰልፍ ወጡ። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፤ ድህነት ወንጀል ነው ወይ? የሚል። ስለነዚያ ተማሪዎች ኋላ ስለመጣው ነገር ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ያከራክራል። ያቺ ጥያቄ ግን ጥሩ ጥያቄ ነበረች። እነሱ ሾላ ሄደው የተቆለፈበትን ሰው አዩ። የዛሬው ድኻ አልተቆለፈበትም፤ በነጻ ይሄዳል፤ ግን ማንም ስላልቆጠረው የት እንደሄደ አይታወቅም። ስለዚህ የዛሬው ተማሪ ጥያቄ ትንሽ ይለወጣል። እናንተ ስንት ናችሁ? ብሎ ጠይቆ መልሱን እንደተነገረው መጻፍ ነው።

ኮንዶሚኒየምስ የሚል አይጠፋም። እናታችን በ2005 ዓ.ም. ምዝገባ ጊዜ በ20/80 ለባለ አንድ መኝታ ተመዝግባለች። በየወሩ 274 ብር፣ በእንጀራ ገንዘብ፣ በንግድ ባንክ ትቆጥብ ነበር። ያኔ ከእሷ ጋር ከ900 ሺህ በላይ ሰው ነው የተመዘገበው። የባንክ ደብተሯ ከዳዊቷ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። በሐምሌ 2014 ዕጣ ወጣ ተባለ፤ ወዲያው መረጃው ተጭበርብሯል ተብሎ ተሰረዘ፤ በኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። ለ25 ሺህ ያህል ሰው ደረሰ። ለእሷ አልደረሳትም። በተነሺነት ግዢ ብትባልም ቅድሚያ ክፍያውን ከየት ታምጣው? ቢኖራትስ ባለ አንድ መኝታው ውስጥ ከዘጠኛችን ማንን ልታስገባ ነው? እናም የኪራይ ምትክ መረጠች።

መጋቢት ላይ የተሰጠን ምትክ ኮተቤ በኩል፣ ከላምበረት ወዲያ፣ ሌላ ሰው የለቀቀው የቀበሌ ቤት ሆነ። ሁለት ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ብሎኬት ነው፤ ውሃዋ ከግቢ አይወጣም። በእግዜር ስም ጥሩ ናት። ከቀበና ግን በሁለት ታክሲ ነው። የእንጀራ ደንበኞቻችን እዚያው ቀሩ፤ የልጆቹ ትምህርት ቤት እዚያው ቀረ፤ የእኅታችን የስፌት ቤት እዚያው ቀረ። ቤት በካሬ ሜትር ተለክቶ ሲተካ እነዚህ ነገሮች አይለኩም። አይሱዙው ሲመጣ ዕቃችን ግማሹን እንኳ አልሞላውም። ምጣዱን አክስታችን በጭኗ ይዛ ሄደች፤ ለማንም አልሰጥም አለች።

ወንድማችን ከነቤተ ሰቡ እዚያ መግባት አልቻለም፤ የምትክ ቤት ውል ሲፈረም ስሙ አልገባማ። ካራ በኩል አንዲት ክፍል ተከራየ። ደላላው የስድስት ወር በቅድሚያ ካልከፈልክ አለው። ለዚህ ደግሞ በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ጠቀመን፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ወንድማችን አዋጁን አትሞ ይዞ ሄደና ለአከራይዋ አነበበላቸው። አከራይዋ አረጋዊት ናቸው፤ «ልጄ፣ መንግሥት ይኼን ካለ እኔ ማን ነኝ» ብለው የሁለት ወር ተቀበሉት። ደላላው ግን እስከ ዛሬ ሰላምታ አይሰጠውም።

ከሁሉ በላይ ያቆመን እድራችን ነው። ተነሺዎቹ ወደ አምስት ቦታ ተበትነናል፤ አንዳንዱ ኮተቤ፣ አንዳንዱ ከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም፣ አንዳንዱም የት እንደደረሰ የማይታወቅ። እድርተኛው ከመበተኑ በፊት ባለው እሑድ፣ ድንኳኑና ወንበሩ በተከመረበት ግቢ ተሰበሰበ። «እድሩ ይፍረስና ገንዘቡን እንካፈል» ያሉ ነበሩ። ዳኛው አንድ ነገር ጠየቁ። «ሰው ሲሞት ኮተቤ ድረስ የሚሄድ ስንት ነው? እጅ ያውጣ።» ሁሉም አወጣ። እድሩ ቀረ። በዚያው ስብሰባ የአባላት መዝገብ ሲታደስ የአክስታችን ስም በራሷ መሥመር ላይ ነበር፤ ከገባች 19 ዓመቷ ነው፤ አንድም ወር አላጓደለችም። ደባል የሚል ቃል በእድር መዝገብ የለም። ሲሞት የሚቀብረው ያለው ሰው፣ ሲኖር የማይቆጠርበት ምክንያት አልገባንም።

ታዲያ ምን አተረፋችሁ የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ያተረፍነውን እንናገር። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከሕግና ከቋንቋ ክፍል የሆንን ስድስት ተማሪዎች፣ አንድ የቡና ቤት ጠረጴዛ ተውሰን ለተነሺዎች ማመልከቻ እንጽፋለን፤ አናስከፍልም። ጠበቃ አይደለንም፤ ከአቅማችን በላይ የሆነውን ወደ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማእከል፣ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ወይም ወደ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እንመራለን። የምናደርገው ጥቂት ነገር ነው። በመጀመሪያ ግድግዳው ከመፍረሱ በፊት ቤቱንና ቤተ ሰቡን ፎቶ እናነሣለን። ቀጥሎ መታወቂያ፣ የኪራይ ደረሰኝ፣ የመብራት ቢል፣ የልጆች የትምህርት ቤት ወረቀት፣ የእድር ደብተር፣ ያ ሰው እዚያ መኖሩን የሚያሳይ ማንኛውንም ወረቀት አሰባስበን ቅጂ እናስቀራለን። ወደ ሌላ ወረዳ የሚሄደውን ሰው መሸኛ ሳይዝ እንዳይሄድ እንነግረዋለን፤ መሸኛ የሌለው በሄደበት ልጁን ማስመዝገብም መታወቂያ ማውጣትም ይቸግረዋል። ከሁሉ በፊት ግን የቤቱን ሰው ሁሉ በስምና በዕድሜ እንዘረዝራለን፤ ባለ ውሉን፣ ያገባውን ልጅ፣ ጡት የሚጠባውን፣ ደባሏን፣ በጓሮ ክፍል የተከራየውን ተማሪ ሳይቀር።

የዚህች አገር የማመልከቻ አጻጻፍ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ሆኖ አገኘነው። ከጥንት ጀምሮ የሚጀምረው «እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተዘረዘረው» ብሎ ነው። ከዚያች መሥመር ሥር ስንት ሰው መዘርዘር እንደሚቻል የሚወስን ሕግ የለም።

የወንድማችን አቤቱታ ከአቤቱታ ሰሚው ዘንድ ነው፤ ይህን እስከምንጽፍበት ቀን መልስ አልመጣም። እሑድ እሑድ ልጆቹን ይዞ ከካራ ይመጣል፤ ያን ቀን በኮተቤዋ ቤት ዘጠኛችንም አለን፤ አክስታችን በአዲሱ ምድጃ ላይ አሮጌውን ምጣድ ትጥዳለች። በአዲሱ ወረዳ የነዋሪ ቅጽ ስንሞላ የቅጹ ሠራተኛ «አብረው የሚኖሩ» በሚለው ቦታ ስሟን ያለ ክርክር ጻፈላት። ዝምድና በሚለው ሣጥን ላይ ሲደርስ ብዕሩን አቁሞ «ምን ልበል?» አለ። እናታችን ቀደመችን።

«እኅቴ ናት በል» አለችው። ጻፈ።